የእንጨትና የጭቃ ቤት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፤ በተለመዱት ፍርዶች ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ ሕዝብ በእጁ ካበጃቸው ሥራዎች ሁሉ ለዐይን ቅርብ፥ ለምርምር ግን ሩቅ ሆኖ የሚገኘው የሚኖርበት ቤት ነው። ስለ ነገሥታት ግንብና ስለ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ገበሬው ቤት ግን የሚነገረው በጥቂት ቃል ያልቃል። አንዱ ወገን ጊዜያዊ መጠለያ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ወገን የጥንት ውበት ነው ብሎ ያሞግሰዋል። ሁለቱም ፍርዶች ቤቱን ሳይመረምሩ የተሰጡ በመሆናቸው፥ የሚናቀውም የሚሞገሰውም በእውነት የቆመው ቤት አይደለም።

የዚህ ሒስ ዐላማ በመካነ ሰላም ዙሪያና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚሠራውን የእንጨትና የጭቃ ቤት እንደ አንድ የተሟላ ሥራ ማየት፥ ፍርዶቹ የሚስቱበትን ስፍራ ማመልከት፥ ቤቱም ራሱ የሚጐድልበትን ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ክቡ ቤትና የሣሩ ክዳን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ነው። ከሚጠፋው ነገር ምን መትረፍ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፥ ቤቱ ምንድን ነው ተብሎ በሚሰጠው ፍርድ ላይ የተመሠረተ ነው።

፩

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋን ሳይንት፥ ለጋምቦ፥ ከላላ፥ ወግዲና ደብረ ሲና ይገኛሉ። በምዕራብ የዐባይ ሸለቆ፥ በሰሜን በኩል ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አገሩን ቈርጠው ይወርዳሉ። ስለዚህ ከሸለቆው ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ውስጥ ከቆላ ሙቀት ተነሥቶ ወደ ውርጭ ይገባል። የእንጨቱና የሣሩ ዐይነትም አብሮ ይለወጣል። እንጨት በጠፋበት ነፋሻ ከፍታ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይካባል፤ እንጨት በሚገኝበት ግን በቋሚና በማገር ይቆማል፥ በጭቃም ይመረጋል። በሁለቱም ዘንድ ጣሪያው የእንጨትና የሣር ሥራ ነበር። ክብ የሆነው ጎጆ የገበሬው ተራ ቤት ሲሆን፥ ሞላላው ሰቀላ ደግሞ ከእርሱ ጋራ አብሮ የኖረ ሌላ ዐይነት ነው።

ይህ ቤት የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ነገድ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ ቦረና የሚለው ስም ራሱ የኦሮሞን ሰፈራ ታሪክ ይዟል። ሆኖም የማኅበር ጽዋ የሚጠጣበትና ዱዓ የሚደረግበት ቤት በአሠራሩ አንድ ነው። ልዩነቱ በውስጡ በሚፈጸመው ሥርዐት እንጂ በቋሚውና በማገሩ አይታይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦታው ከተደለደለ በኋላ በመካከል ካስማ ይተከልና በገመድ ክብ ይሠመራል። በመሥመሩ ላይ ጉድጓድ ተቈፍሮ ቋሚዎች ጎን ለጎን ይተከላሉ። በውስጥና በውጭ ማገር እየተጋደመ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል። ሰፊ በሆነ ቤት በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ በትንሽ ጎጆ ግን ያለ ምሰሶ ይቻላል። ወራጆቹ ከግድግዳው አናት ተነሥተው በጫፋቸው ይገናኛሉ፤ በላያቸውም የጣሪያው ማገር ክብ እየሠራ ወደ ላይ እየጠበበ ይታሰራል። ሣሩ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይከደናል፥ የላይኛው ድርብ የታችኛውን ሥር እየሸፈነ እስከ ጉልላቱ ይደርሳል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋራ ተቦክቶ ይሰነብታል፥ በእግርም ይረገጣል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ስንጥቁን ይደፍናል፤ መጨረሻ ላይ እበት የገባበት ቀጭን ልቅላቂ ይለሰናል።

ይህን ሥራ እንደ ሥራ የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቁጠባውን ነው። ወራጆቹ በክብደታቸው የግድግዳውን አናት ወደ ውጭ ይገፋሉ። ግፊቱን የሚይዘው ግን ወፍራም ግንድ አይደለም፤ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የታሰረው ማገር ነው። ነዶ በማሰሪያው እንደሚያዝ ቤቱም በማሰሪያው ይያዛል። ስለዚህ አናጢው ቀጭንና ጠማማ እንጨት ይዞ ሰፊ ቤት መሥራት ይችላል፤ ምስማርም አይፈልግም። ሁለተኛው ነገር ታዛው ነው። ጭቃ ዝናብን አይችልም፤ እንግዲህ የግድግዳው ዕድሜ በግድግዳው ውፍረት ሳይሆን በክዳኑ ጠርዝ ስፋት ይወሰናል። የጣሪያው ቁልቁለት ውኃውን ያፈጥናል፥ ታዛው ከግድግዳው ያርቀዋል። ሦስተኛው ጢሱ ነው። በሣሩ ውስጥ እያጣራ የሚወጣው ጢስ ወራጁንና ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሽ ይጠብቃል። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ቶሎ የሚያረጀው ስለዚህ ነው። ምድጃው፥ ጣሪያውና ግድግዳው አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ አንድ ሥርዐት ናቸው፤ አንዱን ነጥሎ የለወጠ ሰው ሳያውቀው ሁሉንም ለውጧል።

፪

ይህ እንዲህ ከሆነ፥ ስለ ቤቱ የተጻፈው ስለምን ይህን አላየም? አንዱ ምክንያት ስያሜው ነው። የውጭ አገር ጸሓፊዎች፥ እነርሱን ተከትለውም ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን፥ ክብ የሣር ቤትን ሁሉ «ቱኩል» ይሉታል። ቃሉ በሱዳንና በጣልያኖች ዘንድ የተለመደ እንጂ የወሎ ገበሬ ቤቱን የሚጠራበት አይደለም። ገበሬው ጎጆ፥ ሣር ቤት፥ ሰቀላ፥ እልፍኝ፥ አዳራሽ፥ ማድቤት እያለ በቅርጹ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱና በማዕርጉ ይለያል። «ቱኩል» የሚለው ቃል ግን ከባሕር ጠረፍ እስከ ሱዳን ወሰን ያለውን ክብ ቤት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታል። በዚህ ስም የተጻፈ ገለጻ የቤቱን ጥላ ከሩቅ ያየ፥ ወደ ውስጥ ግን ያልገባ ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ተመልካች የሚያገኘው ሌላ ነው። የከብቱ ጋጥ፥ የሰዉ መደብ፥ የምድጃው ስፍራ፥ ከላይ ያለው ቆጥ፥ ከኋላ ያለው ጓዳ እያንዳንዳቸው ስም፥ ባለቤትና ሕግ አላቸው። እንግዳ እስከ የት ይገባል? ማን የት ይቀመጣል? ጥጃው የት ይታሰራል? እነዚህን የማይመልስ የቤት ገለጻ የልብስን ጨርቅ ለክቶ የለባሹን ቁመት የተወ ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ዘንድ የመጣ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ምርቃት ውስጥ ቤቱ ለሰው ብቻ አለመሠራቱ፥ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚረቡበት መሆኑ ተነግሯል። እንዲሁም ወጣት አግብቶ ራሱን ሲችል ጎጆ ወጣ ይባላል፤ የቤተ ሰቡ ኀላፊ ምሰሶ ይባላል። ቋንቋው የቤቱን አካል የኑሮ መለኪያ አድርጎታል። ምሰሶ የሌለበትን ቤት ብቻ የሚያውቅ ትውልድ ቃሉን ይወርሳል፥ ነገሩን ግን አያይም።

ሌላው ጉድለት የሠራተኛው ነው። ቤት ሠሪ ሲባል አናጢው ብቻ ይታሰባል። ቋሚ መትከል፥ ወራጅ ማሰርና ክዳን የወንዶች ሥራ ሆኖ በደቦ ይፈጸማል፤ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ደቦውን ማብላት ግን የሴቶች ሥራ ነው። ከዚያም በላይ መለሰኑ፥ መደቡ፥ ምድጃውና እህል የሚቀመጥበት ጎታ በአብዛኛው የሴቶች የእጅ ሥራ ነው። ቤቱ በየዓመቱ የሚታደሰውም በእነርሱ እጅ ነው። አናጢው ቤቱን አንድ ጊዜ ያቆመዋል፤ ሴቲቱ ግን በየጊዜው እየለሰነች ታቆየዋለች። ይህን የሚተው ጥናት የቤቱን ዕድሜ ምክንያት ግማሹን ትቷል።

፫

አሁን ወደ ዋናው ፍርድ መመለስ ይገባል፤ ይኸውም የእንጨትና የጭቃ ቤት ጊዜያዊ ነው፥ ስለዚህ እንደ ቅርስ ሊቈጠር አይችልም የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ይረዳል።

በእንግሊዝ አገር በሳሴክስ፥ በአልፍሪስተን መንደር በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ አንድ የካህናት ቤት አለ። ማዕቀፉ የኦክ እንጨት ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍት ስፍራ በቀጫጭን እንጨትና በጭቃ ተደፍኗል፤ ጣሪያውም በሣር ተከድኗል። ይህ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ፥ በ1895 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር በ1896 እ.ኤ.አ. በ10 ፓውንድ ገዛው። ማኅበሩ ከገዛቸው ሕንፃዎች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ገጠር እንዲህ ያሉ ቤቶች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ የአገሩም ሰው የአገሩ መልክ አድርጎ ያያቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ክብር ጥንት የነበረ አይደለም። በ1666 እ.ኤ.አ. ለንደን በእሳት ከጠፋች በኋላ በ1667 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከተማዪቱ በጡብና በድንጋይ እንድትሠራ አዝዟል። በገጠርም የእንጨትና የጭቃ ቤት ለብዙ ዘመን የድኻ ቤት ሆኖ ይናቅ ነበር። ክብሩ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ፋብሪካው ገጠሩን መለወጥ በጀመረ ጊዜ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ቤቱን ቅርስ ያደረገው ቁሱ ብቻ አይደለም፥ የተመልካቹ ፍርድ መለወጥም ነው። ያም ለውጥ የመጣው ብዙው ከፈረሰ በኋላ ነው።

የአሠራሩ ንጽጽር ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። የእንግሊዙ ቤት ጭቃ፥ ጭድና እበት ከቦረናው ቤት ምርጊት ጋራ አንድ ዐይነት ነው። ልዩነቱ ያለው በእግሩ ነው። የእንግሊዙ ቋሚ መሬት ውስጥ አልተተከለም፤ በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ቆሟል። ስለዚህ እርጥበት እግሩን አይበላውም። የወሎው ቋሚ ግን መሬት ውስጥ ስለሚተከል ምስጥና እርጥበት ከሥር ይጀምሩታል። ነገር ግን እንግሊዞችም ቀድሞ በመሬት ይተክሉ ነበር፤ ከኖርማኖች መምጣት በፊት የነበሩት የእንጨት ቤቶቻቸው ጠፍተው የሚታወቁት በቁፋሮ በተገኘው የቋሚ ጉድጓድ ምልክት ነው። በኤሴክስ የሚገኘው የግሪንስቴድ ቤተ ክርስቲያን በ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከተቈረጠ የኦክ ግንድ የቆመ ግድግዳ ያለው ብርቅ ሥራ ነው፤ እርሱም እንኳ እግሩ በስብሶ በ19ኛው መቶ ዓመት እድሳት ተቈርጦ በጡብ ላይ ቆሟል። እንግዲህ የአንዱ ቤት አምስት መቶ ዓመት መቆየትና የሌላው አለመቆየት የሥልጣኔ ልዩነት ተደርጎ ሊነገር አይገባም። የአንድ ድንጋይ ከፍታ ልዩነት ነው ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

ከዚህም ሌላ፥ ዕድሜን በቁስ ብቻ መለካት በራሱ ስሕተት ነው። በጃፓን የሚገኘው የኢሴ መቅደስ ቋሚዎቹ በመሬት የተተከሉ፥ ጣሪያውም በሣር የተከደነ ነው። በየ20 ዓመቱ አፍርሰው እንደ ቀድሞው ይሠሩታል፤ መጨረሻ የታደሰውም በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እንጨቱ አዲስ ነው፥ ቤቱ ግን ጥንታዊ ነው ይባላል። ቅርሱ በሠሪው እጅና በትእዛዙ ውስጥ ይኖራል። የቦረናውም ቤት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎጆ ያረጃል፥ ያሮጌውም ደኅና እንጨት ተመርጦ ወደ አዲሱ ይገባል፥ ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል።

የወሎ ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር አለው። አፄ ናዖድ አስጀምረውት አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት የቤተ አምሓራው መካነ ሥላሴ በጌጡ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ፥ ክብሩም ከእርሱ ጋራ ቀረ። የገበሬውም ቤት በየጦርነቱ ተቃጥሏል፤ ግን ከዐመዱ ተመልሶ ቆሟል። ለዘላለም ተብሎ የተሠራው አንድ ጊዜ ሲጠፋ ጠፋ። ጊዜያዊ የተባለው ግን እየተደጋገመ ኖረ።

፬

የአገሩ ሕግም ይህን ልዩነት ቀስ በቀስ ነው ያየው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ የሚባለውን ከ1850 ዓ.ም. በፊት በተሠራው ወስኖት ነበር። በዚህ መለኪያ ቋሚው በመሬት የተተከለ አንድ የሣር ቤት ቅርስ ለመሆን ፈጽሞ አይችልም፤ ሕጉ ሳይጠላው አስቀድሞ አስወጥቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 ግን የዓመቱን ወሰን ትቶ፥ ግዙፍ የሆነውንም ግዙፍነት የሌለውንም የሰው ፈጠራ ሁሉ በቅርስነት ተቀብሏል። በዓለምም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተጻፈው ቻርተር በይበልጥ ለመጀመሪያው ቁስ ሲጨነቅ፥ በ1994 እ.ኤ.አ. በናራ የተጻፈው ሰነድ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በየአገሩ ባህል፥ በአሠራሩና በልማዱ ጭምር እንዲመዘን ፈቅዷል።

ሕጉ ተለውጧል፤ ልማዱ ግን ገና አልተለወጠም። በላሊበላ የሚታዩት ክብ ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶች ሲጠበቁ ግድግዳቸው ድንጋይ መሆኑ ሳይረዳቸው አልቀረም። በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቤት ዕቃን በብዛት ሰብስቧል፤ ይህም ትልቅ አገልግሎት ነው። ዳሩ ግን መሶቡ፥ አገልግሉና እንስራው ከቤታቸው ወጥተው በመስተዋት ውስጥ ሲቀመጡ፥ ስፍራ የሰጣቸው ጓዳና መደብ አብሮ አልመጣም። ለተማሪ የቀረው ዕቃው እንጂ ሥርዐቱ አይደለም።

፭

እስከዚህ የተነገረው ለቤቱ የሚከራከር ነው። ሒስ ግን ጥብቅና አይደለም። ቤቱ ከባድ ጉድለት አለው፤ ይህንንም የሚሰውሩት አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ የማይኖሩ አሞጋሾቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ጢሱ ነው። ክዳኑን የሚያቆየው ያው ጢስ የሴቲቱን ዐይንና የሕፃኑን ሳንባ ይጐዳል። ለእንጨቱ መድኀኒት የሆነው ለሰው መርዝ ነው፤ ቤቱም ከዚህ ተቃርኖ በራሱ አይወጣም። እንግሊዞችም ይህን ያውቁታል። የጥንት ቤቶቻቸው ምድጃ በመካከል ወለል ላይ ነበር፤ ጢስ መውጫ የተሠራላቸው በኋላ ነው። በደቡብ እንግሊዝ በአንዳንድ ቤቶች ከአዲሱ ክዳን በታች ሳይነሣ የቀረ፥ ጥቀርሻ የጠጣ የመካከለኛው ዘመን ሣር ተገኝቶ፥ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ይዘራ የነበረውን የእህል ዐይነት ከእርሱ ለይተዋል። በወሎ ግን አሮጌው ክዳን ወርዶ ለማገዶ ወይም ለማዳበሪያ ይውላል፥ ምስክርነቱም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው እሳት ነው። ጎጆዎች ተጠጋግተው በቆሙበት መንደር አንድ ፍንጣሪ ለሁሉም ይተርፋል። ሦስተኛው ጨለማው ነው፤ መስኮት የሌለው ቤት ሙቀት ይይዛል፥ ለሚያነብ ልጅ ግን ቀኑን ሌሊት ያደርግበታል። አራተኛው ድካሙ ነው፤ ሣር ማጨድ፥ መሸከምና ዳግመኛ መክደን በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ ግብር ነው። መሬቱ ሁሉ ወደ እርሻ በተለወጠበት ዘመን ሣሩ ራሱ ከየት ይመጣል? በመንዝ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዐት ለዓመታት ዘግቶ፥ በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ ማጨድ ተለምዶ ነበር። ይህ የሚያሳየው የሣር ክዳን የአናጢ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የመንደር ሕግ ጭምር መሆኑን ነው። ሕጉ ሲላላ ሣሩ ይጠፋል፤ ሣሩ ሲጠፋ ክዳኑ ይቀራል።

ስለዚህ ገበሬው ቆርቆሮ ሲመርጥ አባቱን የካደ ተደርጎ ሊነቀፍ አይገባውም። ቆርቆሮ እሳትን አይፈራም፥ በየጥቂት ዓመቱ አይለወጥም፥ ውኃም ያጠራቅማል። ለባለቤቱም የክብር ምልክት ነው። ነገር ግን ቆርቆሮውም ሊመረመር ይገባል። ቀን ያግላል፥ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲዘንብ በቤት ውስጥ ንግግር አይሰማም። ከሁሉ የሚብሰው የማይታየው ጉዳት ነው። ቆርቆሮው ቀጥ ያለ ስለሆነ ክቡን ቤት ወደ አራት ማዕዘን ይለውጠዋል፥ ውድ ስለሆነም ብዙ ጊዜ ታዛውን ያሳጥረዋል። ግድግዳው ግን ያው የድሮው እንጨትና ጭቃ ነው። ታዛ ያጣ ጭቃ ዝናብ ይበላዋል። ጢሱም ከሣሩ ጋራ የነበረውን ሥራ ስላጣ በቆርቆሮው ሥር ታፍኖ ይቀራል። አዲሱ ጣሪያ ጠንካራ ነው፥ አሮጌው ግድግዳም በራሱ መንገድ ጠንካራ ነበር፤ ሁለቱ ሳይመካከሩ በመገናኘታቸው ግን ቤቱ ደከመ። የቆርቆሮው ጥፋት መምጣቱ አይደለም፤ የቤቱን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ሳያማክር መግባቱ ነው።

፮

የመጨረሻውና ከባዱ ጥያቄ የደን ነው። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ደንቆሮ የሚባለው ደን አለ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ከሆነው የቦረና ሳይንት ምድር ዋናው ክፍል እርሱ ነው። በዚያ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶ፥ አሜጃና አስታ ይበቅላሉ፤ ከፍ ባለው ስፍራም ጓሳ አለ። ለቋሚ የሚመረጡት፥ ምስጥን የሚችሉት ጽድና ወይራ ናቸው። የጥንቱን ቤት በጥንቱ እንጨት ይሥሩ የሚል ምክር ካለ፥ ያ ምክር ሳያስበው የደኑን መቈረጥ ይመክራል። ቤቱን የሚወድና ደኑን የሚወድ ሰው በዚህ ስፍራ ይጋጫሉ። ብዙ የቅርስ ጸሓፊዎች ይህን ግጭት ሳያነሡ ያልፉታል፤ ሳይነሣ የታለፈ ግጭት ግን ለደኑም ለቤቱም አልበጀም።

ገበሬው በበኩሉ መልሱን በከፊል ሰጥቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በደጋው ሁሉ የቤት እንጨት ሆኗል። ቀጥ ብሎ ቶሎ ያድጋል፥ በጓሮ ይተከላል፥ ደኑንም ያሳርፋል። በመሬት ሲተከል ግን እንደ ወይራና እንደ ጽድ አይቆይም። እዚህ ላይ የንጽጽሩ ጥቅም ይታያል። የወሎ ሰው ድንጋይ መካብን ያውቃል፤ ግድግዳውና እርከኑ ይመሰክሩለታል። የባሕር ዛፉን ቋሚ ከመሬት አውጥቶ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ለእርሱ ባዕድ ጥበብ አይሆንም። እንዲህ ያለ ቤት ሰፊ ታዛና የጢስ መውጫ ቢጨመርለት፥ ክዳኑ ሣርም ሆነ ቆርቆሮ፥ የአባቶቹን ሥራ ሳይቀዳ የሚቀጥል ይሆናል። ልማድ ማለት ያለፈውን መድገም ብቻ አይደለም፤ ያለፈው የተሠራበትን ምክንያት ማወቅ ነው።

ለምሁራንና ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራ እንግዲህ ምንድን ነው? በሳሴክስ የሚገኘው የዊልድና ዳውንላንድ ሙዚየም በ1967 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፥ ሊፈርሱ የነበሩ የእንጨት ቤቶችን እንጨት በእንጨት ፈትቶ በሌላ ስፍራ አቁሟል። ቤይሊፍ የተባለው የ15ኛው መቶ ዓመት የገበሬ ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ በሚሠራበት ስፍራ ላይ ስለነበረ በዚህ መንገድ ድኗል። ይህ ለኦክ ማዕቀፍ የሚሆን መንገድ ነው። ለቦረናው ጎጆ ግን አንዱን ቤት አንሥቶ በአጥር ውስጥ ማኖር ጥቂት ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀረው የበሰበሰ ክዳን ይሆናል። የሚስማማው ቤቱን በየጊዜው ዳግመኛ መሥራት፥ ሲሠራም ተማሪው ከአናጢው፥ ከከዳኙና ከለሳኟ አጠገብ ቆሞ መመዝገብ ነው።

መዝገቡም የተሟላ መሆን አለበት። የወለሉ ስፋትና የጣሪያው ቁልቁለት መለካት፥ እያንዳንዱ ክፍል በቦረና፥ በሳይንትና በለጋምቦ የሚጠራበት ስም መጻፍ፥ ለየትኛው ክፍል የትኛው እንጨት እንደሚመረጥና ምክንያቱ መጠየቅ፥ የደቦው ሥርዐትና የሴቶቹ ሥራ ከነዘመኑ መመዝገብ፥ ከአሮጌ ክዳንም ጥቀርሻ የጠጣ ሣር በናሙና መያዝ ይገባል። የፈረሰ ቤትም ሊናቅ አይገባውም፤ የቋሚው ጉድጓድ ራሱ የሚነበብ ሰነድ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ክዳን ማሰር የሚያውቁ አዛውንት ገና በሕይወት ሳሉ መሄድን ነው።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ቤት እንግዲህ ጊዜያዊ መጠለያ አይደለም፤ ነቀፌታ የሌለበት ውብ ነገርም አይደለም። በጥቂት ቁስ ብዙ የሚሠራ፥ ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ፥ ለነዋሪው ጤናና ለደኑ ግን ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሥራ ነው። ናቂው ጥበቡን፥ አሞጋሹ ዕዳውን አላዩም። ሁለቱን አብሮ የሚያይ ጥናት እስኪደራጅ ድረስ ክዳኑ መፍረሱን አያቆምም፤ በየዓመቱ ከሚወርደውም አሮጌ ሣር ጋራ ያልተጻፈ ዕውቀት አብሮ ይወርዳል።